ጭምቱ ሲደፍር

ሰኔ 27 ቀን 1998 ዓ.ም. ምሽት፣ ዶርትሙንድ፣ ዌስትፋለን ስታዲየም። የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍፃሜ ነው። ጀርመን 0፣ ጣሊያን 0። ዘጠናው ደቂቃ አልቆ ተጨማሪው ሰዓት ሊጀመር ነው። ስታዲየሙን የሞላው 65 ሺህ ተመልካች በአብዛኛው የባለሜዳዎቹ ደጋፊ ነው። የጀርመን ብሔራዊ ቡድን ደግሞ በዚህ ሜዳ ተሸንፎ አያውቅም።

የጣሊያኑ አሰልጣኝ ማርሴሎ ሊፒ ወደ ተጠባባቂዎቻቸው ዞሩ። በእንዲህ ያለ ሰዓት አንድ የጣሊያን አሰልጣኝ ምን እንደሚያደርግ ኳስ የሚከታተል ሁሉ ያውቃል። አጥቂ ይወጣል፣ ኳስ ነጣቂ አማካይ ይገባል፣ በሩ ይቆለፋል፣ ከዚያ የዳኛው ፊሽካ ይጠበቃል። ሊፒ ግን አማካዩን ካሞራኔዚን አስወጥተው አጥቂውን ያኪንታን አስገቡ። 104ኛው ደቂቃ ላይ ደግሞ ሩጫ የማይሰለቸውን ፔሮታን አስቀምጠው ዴል ፒዬሮን ጨመሩ። ቀደም ሲል ቶኒን ተክቶ የገባው ጂላርዲኖ ሜዳ ላይ ነው። ቶቲም አልወጣም። አራት የማጥቃት ሰዎች በአንድ ጊዜ! ያውም ጣሊያን!

ሰውየው አበዱ እንዴ? ያን ምሽት በቴሌቪዥን ፊት ለተቀመጠ ሰው ጥያቄው ተገቢ ነበር። መልሱን ግን ከኳስ ሜዳ ይልቅ የፖከር ካርታ የሚጫወቱ ሰዎች ቶሎ ያገኙታል። እነሱ ዘንድ የታወቀ ነገር ነውና። ሁሉም ሰው ጭምት አድርጎ የሚያይህ ከሆነ፣ ስምህ ራሱ በእጅህ ያለ አንድ ካርታ ነው። ጥያቄው መቼ ትመዘዋለህ የሚለው ነው።

ዝም ባለ አፍ…

በዓለም ላይ በብዛት የሚዘወተረው የፖከር ዓይነት ቴክሳስ ሆልደም ይባላል። እያንዳንዱ ተጫዋች ሌላው የማያያቸው ሁለት ካርታዎች ይሰጡታል። አምስት የጋራ ካርታዎች ደግሞ በየደረጃው መሐል ጠረጴዛ ላይ ይገለጣሉ። በየመሐሉ ገንዘብ ይመደባል። የሚያሸንፈው መጨረሻ ላይ የተሻለ ካርታ ያሳየ ሰው ነው፤ ወይም ሌሎቹ ሁሉ ፈርተው ካርታቸውን ሲጥሉ ብቻውን የቀረ ሰው ነው። ፖከርን ፖከር ያደረገው ይሄ ሁለተኛው መንገድ ነው። ምክንያቱም ለማሸነፍ ጥሩ ካርታ መያዝ ግዴታ አይደለም። ጥሩ ካርታ መያዝህን ሌላው እንዲያምን ማድረግም ይበቃል።

ጭምት ተጫዋች ከአሥር ዙር ስምንት ዘጠኙን ሳይነካ የሚጥል ነው። አስና አስ፣ ንጉሥና ንጉሥ ካልመጣለት ንቅንቅ አይልም። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እንደሚባለው ከብዙ ኪሳራ ይድናል። ችግሩ ዝም ባለ አፍ ምግብም አይገባም። በፖከር በየዙሩ ሁለት ሰዎች ካርታቸውን ሳያዩ በግዴታ ገንዘብ ያስቀምጣሉ፤ ተራውም ለሁሉም ይደርሳል። ስለዚህ ዝም ብሎ መጠበቅም ሒሳብ አለው። ገንዘብህ ጠብ ጠብ እያለ ያልቃል።

ጠረጴዛው ጭምትነትህን ሲያውቅ ደግሞ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ጥሩ ካርታ ይዘህ ገንዘብ ስትመድብ ሁሉም «በቃ፣ ይሄ ሰውዬ ከነቃ ነገር አለ» ብሎ ይሸሻል። ስንት ሰዓት የጠበቅከው ካርታ ሳንቲም ይዞ ይመለሳል። ሁለተኛ፣ ዝም ስትል ሁሉም ይደፍርሃል። በግዴታ ያስቀመጥካትን ገንዘብ ያለ ስጋት እየመደበ ይወስድብሃል። እንደማትመልስለት ያውቃላ!

መፍትሔው ከዚሁ ከችግሩ ውስጥ ነው የሚወጣው። ገንዘብ ስትመድብ ሁሉም የሚሸሽ ከሆነ፣ ጥሩ ካርታ ባልያዝክበት ዙርም መድብ። ያንኑ ስምህን ተማምነው ይሸሻሉ። ይህ ግን ሕግ አለው። ድርጊትህ በእውነተኛ ጥሩ ካርታ ጊዜ ከምታደርገው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ እጅህ ከተንቀጠቀጠ ታሪኩ ይፈርሳል። የምትሸውደው ሰውም ሲከታተልህ የቆየና መሸሽ የሚያውቅ መሆን አለበት። ምንም ሳያስብ ሁሉንም ዙር ተከትሎ የሚገባን ሰው በስምህ አታስፈራራውም፤ ስምህን መቼ አወቀና! ደግሞም ብዙ ጊዜ አይሠራም። አንዴ የውሸት ካርታህ ጠረጴዛው ላይ ከታየ የጭምትነት ስምህ እዚያው አለቀ። ከዚያ በኋላ ያለህ ምርጫ ወደ እውነተኛው ካርታ መመለስ ነው። ያኔ ደግሞ ስለማያምኑህ ጥሩ ካርታህ ብዙ ገንዘብ ያመጣል።

«አክሽን ዳን» እና ስድስትና ሁለቱ

ለዚህ ነገር ከአሜሪካዊው ዳን ሃሪንግተን የተሻለ ምስክር አይገኝም። ሃሪንግተን የሕግ ባለሙያ ነው። ከፖከር በፊት ቼዝ ይጫወት ነበር፤ በ1971 የማሳቹሴትስ ግዛት የቼዝ ሻምፒዮን ሆኗል። ከአረንጓዴ የቦስተን ሬድ ሶክስ ቆቡ ሥር ተቀምጦ ዙር ከዙር ካርታ ሲጥል የሚውል ሰው ነው። ቅጽል ስሙ «አክሽን ዳን» ነው፤ ተንቀሳቃሹ፣ ግርግር ወዳዱ ዳን እንደማለት። ስሙ ለቀልድ ነው የወጣለት።

ይህ ጭምት ሰው በ1995 ላስ ቬጋስ ላይ በሚካሄደው የዓለም ፖከር ውድድር ዋናውን ጨዋታ አሸንፎ 1 ሚሊዮን ዶላር ወስዷል። በ2003 ከ839 ተወዳዳሪዎች 3ኛ ወጣ። በ2004 ደግሞ የተወዳዳሪው ቁጥር 2,576 ሲደርስ እሱ አሁንም የመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ተገኘ። ዝነኛዋ ዙር የመጣችው ያኔ ነው።

ብዙ ገንዘብ ከፊቱ የከመረው ግሬግ ሬመር ገንዘብ መድቦ ዙሩን ከፈተ። በእጁ የነበረው አስና ሁለት ነው፤ ያን ያህል የሚያኮራ አይደለም። ጆሽ አሪዬ ንጉሥና ዘጠኝ ይዞ ተከተለው። ተራው የሃሪንግተን ሆነ። በእጁ የያዘው ስድስትና ሁለት! ከሱ የባሰ ካርታ ማግኘት ያስቸግራል። ሌላ ጊዜ ሳያቅማማ የሚጥለውን ካርታ ይዞ ሃሪንግተን ከሁለቱ የበለጠ ትልቅ ገንዘብ መሐል ላይ ገፋ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ሬመር ብዙ ዙር ይከፍታል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ጠንካራ ካርታ ሊይዝ አይችልም። አሪዬ በጣም ጥሩ ካርታ ቢኖረው ኖሮ ገንዘቡን ራሱ ያሳድገው ነበር፤ ዝም ብሎ መከተሉ መካከለኛ ካርታ እንደያዘ ይናገራል። ሬመር አሁን በሁለት ሰው መሐል ተጣብቋል። ፊት ለፊቱ ቀኑን ሙሉ ሲጠብቅ የዋለው ጭምቱ ሃሪንግተን አለ፤ ከጀርባው ደግሞ ገና ምን እንደሚያደርግ ያልታወቀው አሪዬ። በሁለት አጥቂ መሐል ብቻውን የቀረ ተከላካይ በሉት።

ከሃሪንግተን በኋላ ተራው የደረሰው ዴቪድ ዊሊያምስ አስና ንግሥት ይዞ ነበር። ከአራቱም የሚበልጥ ካርታ ነው። ጣለው። ሬመርም ጣለ። አሪዬም ጣለ። ከአራቱ ሰዎች ሁሉ መጥፎ ካርታ የያዘው ሰው ገንዘቡን ሰብስቦ ወደ ራሱ አስጠጋ። ዊሊያምስ፣ ሬመርና አሪዬ ሞኞች አልነበሩም። የሦስቱም ግምት ልክ ነበር፤ ሃሪንግተን እንደዚያ ሲያደርግ አብዛኛውን ጊዜ እውነትም ካርታ ይኖረዋል። ሃሪንግተን በኋላ በመጽሐፉ ይህቺን ዙር ዘርዝሮ አስረድቷታል። በዚያ ውድድር በመጨረሻ 4ኛ ወጥቶ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ይዞ ሄደ። ዋናውን ሽልማት 5 ሚሊዮን ዶላር የወሰደው ሬመር ነው።

ጣሊያን በጭምትነቷ የከፈለችው

አሁን ወደ ሜዳው እንመለስ። በዓለም እግር ኳስ የጭምትነት ስም ያላት አገር ማን ናት ቢባል መልሱ አያከራክርም። ካቴናቺዮ የሚለው ቃል ራሱ የበር መቀርቀሪያ ማለት ነው። የሄሌኒዮ ሄሬራ ኢንተር በ1964 እና በ1965 የአውሮፓን ዋንጫ ሲያነሳ የዓለም ስፖርት አፍቃሪ ጣሊያንን በዚህ ስም ለመዳት። ከዚያ ወዲህ አዙሪዎቹ ምንም ዓይነት ኳስ ይጫወቱ ተጋጣሚዎቻቸው ወደ ሜዳ የሚገቡት መቀርቀሪያውን እያሰቡ ነው።

ይህ ስም ለጣሊያን ብዙ ጠቅሟል። ግን እንደ ፖከሩ ጭምት ያስከፈላትም አለ። በ2000 የአውሮፓ ዋንጫ ፍፃሜ ሮተርዳም ላይ በዴልቬኪዮ ጎል ፈረንሳይን 1 ለ 0 እየመሩ እስከ ባከነ ሰዓት ደረሱ። ዊልቶርድ አቻ አደረገ፤ ትሬዜጌ በወርቃማ ጎል ዋንጫውን ነጠቃቸው።

ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣው ደግሞ የባሰ ነበር። በ2002 የዓለም ዋንጫ ከደቡብ ኮርያ ጋር በጥሎ ማለፉ ተገናኙ። ቪዬሪ በ18ኛው ደቂቃ በጭንቅላቱ አስቆጠረ። ከእረፍት መልስ አሰልጣኝ ጂዮቫኒ ትራፓቶኒ እንደተለመደው መቀርቀሪያውን አነሱ። በ61ኛው ደቂቃ አጥቂው ዴል ፒዬሮ ወጥቶ ጋቱሶ ገባ።

የኮርያው አሰልጣኝ ጉስ ሂዲንክ የጠበቁት ይህንኑ ይመስላል። ወዲያው ተከላካዩን ኪም ታይ ዮንግን አስወጥተው አጥቂውን ህዋንግ ሱን ሆንግን አስገቡ። ቀጥሎ ሊ ቹን ሱ ገባ። በ83ኛው ደቂቃ ደግሞ አምበሉንና የተከላካይ መስመሩን መሪ ሆንግ ምዩንግ ቦን አስወጥተው ሌላ አጥቂ፣ ቻ ዱ ሪን ጨመሩ። ይህንን ማንም አሰልጣኝ በሌላ ቡድን ላይ ቢሞክረው እብደት ነው። ባዶ የቀረው ሜዳ በመልሶ ማጥቃት ይቀጣዋል። ጣሊያን ግን ወደፊት እንደማትወጣ ሂዲንክ ያውቃሉ። በፖከር ቋንቋ፣ ጭምቱ በግዴታ ያስቀመጠውን ገንዘብ ያለ ስጋት መውሰድ ማለት ይሄ ነው።

ሲዮል ኪ ህዮን በ88ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ። በ117ኛው ደቂቃ አህን ጁንግ ህዋን በወርቃማ ጎል ጣሊያንን ወደ አገሯ ሸኘ። ጣሊያኖች ስለ ኢኳዶራዊው ዳኛ ባይሮን ሞሬኖ፣ ስለ ቶቲ ቀይ ካርድና ስለተሻረባቸው የቶማሲ ጎል እስከ ዛሬ ያማርራሉ። ቅሬታቸው መነሻ አለው። ነገር ግን ጨዋታውን እስከ 88ኛው ደቂቃ እየመሩ ሦስት አጥቂ ያለ ቅጣት እንዲጨመርባቸው የፈቀደው ዳኛው አልነበረም።

ዶርትሙንድ፦ ስሙ የተመነዘረበት ምሽት

ሊፒ ጀርመን ሲደርሱ ይህ ሁሉ ታሪክ ከኋላቸው ነበር። አገር ቤት ደግሞ ካልቾፖሊ የተባለው የዳኞች ምደባ ቅሌት ካልቾውን እያናወጠው ነው፤ ውድድሩ ባለቀ ሰሞን ጁቬንቱስ ወደ ሴሪ ቢ የወረደበት ማለት ነው። ቡድኑ እስከ ግማሽ ፍፃሜ የገባበት አንዲት ጎል ብቻ ናት። እሷንም ከአሜሪካ ጋር በተደረገው ጨዋታ ዛካርዶ በራሱ ላይ ያስቆጠራት ነች። ቡፎንና ካናቫሮ ከኋላ ሆነው በሩን ዘግተውታል። የጭምትነቱ ስም ያን ሰሞን ከመቼውም በላይ ጠንካራ ነበር።

ወደ መለያ ምት ቢኬድስ? ሒሳቡ ለጣሊያን አያምርም። ጀርመን በዓለም ዋንጫ አራት ጊዜ መለያ ምት መትታ አራቱንም አሸንፋለች። የመጨረሻው ገና ከአራት ቀን በፊት አርጀንቲና ላይ ነው፤ ሌህማን የመቺዎቹን ልማድ የጻፈባትን ወረቀት ካልሲው ውስጥ ይዞ ሁለት ኳስ አድኗል። ጣሊያን በበኩሏ ሦስት ጊዜ መትታ ሦስቱንም ተሸንፋለች፤ በ1990 በአርጀንቲና፣ በ1994 ፍፃሜ በብራዚል፣ በ1998 በፈረንሳይ። ዝም ብሎ መጠበቅ ለሊፒ ነፃ አልነበረም። ሰዓቱ በገፋ ቁጥር ሒሳቡ ወደ ጀርመን ያደላል።

ሌላም ነገር ነበር። ጀርመኖች ከአርጀንቲና ጋር 120 ደቂቃ ሮጠዋል። ጣሊያኖች በዚያው ቀን ዩክሬንን በ90 ደቂቃ 3 ለ 0 ሸኝተው አርፈዋል። የጀርመኑ ኳስ ነጣቂ ቶርስተን ፍሪንግስም በቅጣት የለም። ማለትም የሊፒ ካርታ እንደ ሃሪንግተኑ ስድስትና ሁለት ፍፁም ባዶ አልነበረም። ፖከር ተጫዋቾች አጥብቀው የሚወዱት ዓይነት ድፍረት ነው፤ ተጋጣሚው ባይሸሽ እንኳ ካርታው ሊሻሻል የሚችልበት ዕድል ያለው።

ተጨማሪው ሰዓት እንደተጀመረ ጂላርዲኖ ቋሚውን መታ። ወዲያው ዛምብሮታ የላዩን አግዳሚ አናጋው። ጀርመኖች ደነገጡ። የሚጠብቁት ተጋጣሚ ይሄ አልነበረም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የኋላ መስመራቸውን ጥለው በልበ ሙሉነት መውጣት አልቻሉም። እንደ ሂዲንክ ተከላካይ እያስወጡ አጥቂ የመጨመር ዕድል ለየርገን ክሊንስማን አልተሰጣቸውም። ክሎዘን ያሳረፉት እንኳ በሌላ አጥቂ፣ በኑቪል ነው።

አደጋ አልነበረውም ማለት ግን አይደለም። መሐሉን የሚጠብቁት ጋቱሶና ፒርሎ ብቻ ሆነው ቀሩ። ፖዶልስኪ ብቻውን ቆሞ ያገኘውን ኳስ በጭንቅላቱ ወደ ውጭ ሰደደው። 112ኛው ደቂቃ ላይ በግራ እግሩ የመታውን ደግሞ ቡፎን በጣቶቹ አወጣው። አንዷ ብትገባ ኖሮ ሊፒ ዛሬ ድረስ «አራት አጥቂ ያሰለፈው ሰውዬ» እየተባሉ ይሰደቡ ነበር። ጭምት ሰው ሲደፍር ከተሸነፈ ማንም አያዝንለትም፤ «ምን አገባህ፣ በልማድህ አትቀመጥም?» ነው የሚባለው።

119ኛው ደቂቃ። ከማዕዘን ምት የተመለሰውን ኳስ ፒርሎ ከፍፁም ቅጣት ምት ክልሉ ጫፍ ላይ ተቆጣጠረው። ወደ ቀኝ ተንሸራተተ፣ ጀርመኖች አብረውት ተንሸራተቱ። ከዚያ ሳያይ በመሐላቸው አሾልኮ ሰጠ። ተቀባዩ አጥቂ አይደለም፤ የግራ መስመር ተከላካዩ ፋቢዮ ግሮሶ ነው። በግራ እግሩ ጠምዝዞ ከሌህማን እጅ ማዶ ባለው ጥግ መረቡ ላይ አሳረፈው። የጀርመን ተከላካዮች አራቱን አጥቂዎች ሲቆጥሩ ግሮሶን ማን ይቁጠረው?

ጀርመኖች ያላቸውን ሁሉ ይዘው ወጡ። ካናቫሮ ኳሱን ነጠቀ፣ ቶቲ ለጂላርዲኖ ላከ፣ ጂላርዲኖ ፊቱን ሳያዞር ለዴል ፒዬሮ አሳለፈ፣ ዴል ፒዬሮ ከሌህማን በላይ አሻገራት። 2 ለ 0። በኮርያ ጨዋታ ለመቆለፍ ሲባል ከሜዳ የወጣው ዴል ፒዬሮ፣ በዶርትሙንድ ለመክፈት ሲባል ገብቶ በሩን ዘጋው።

በርሊን፦ ወደ ልማድ መመለስ

ከአምስት ቀን በኋላ ፍፃሜው በርሊን ላይ ሆነ። ዚዳን በፍፁም ቅጣት ምት አስቆጠረ፤ ማቴራዚ በጭንቅላት አቻ አደረገ። ከእረፍት መልስ ፈረንሳዮች ተጭነው መጫወት ያዙ። ሊፒ የዶርትሙንዱን ይደግሙት ይሆን ተብሎ ሲጠበቅ በ61ኛው ደቂቃ ቶቲን አስወጥተው ኳስ ነጣቂውን ዴ ሮሲን አስገቡ። በዚያው ቅጽበት ያኪንታም በፔሮታ ምትክ ገባ። ቡድኑ ግን ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ መቀርቀሪያው ወደ ቦታው ተመለሰ።

ብዙዎች ያኔ ሊፒ ፈሩ ብለው ነበር። ነገሩን በፖከር ዓይን ላየው ግን ሌላ ነው። የተገለጠ ብልሃት ሁለተኛ አይሠራም። የዶርትሙንዱን ጨዋታ የፈረንሳዩ አሰልጣኝ ሬይሞን ዶሜኔክም አይተውታል። በርሊን ላይ ሊፒ በእጃቸው የነበራቸው እውነተኛ ካርታ ቡፎን፣ ካናቫሮና ማቴራዚ ናቸው፤ እነሱን ይዘው ጠበቁ። ዚዳን በ110ኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ ወጣ፤ ጨዋታው 1 ለ 1 አልቆ ወደ መለያ ምት ተሄደ።

ጣሊያን ሦስት ጊዜ የተሸነፈችበት መለያ ምት ነው። ፒርሎ አገባ፣ ማቴራዚ አገባ፣ ዴ ሮሲ አገባ፣ ዴል ፒዬሮ አገባ። ከፈረንሳይ በኩል የትሬዜጌ ኳስ አግዳሚውን መትታ ተመለሰች። የመጨረሻውን ለመምታት የመጣው ያው የዶርትሙንዱ ተከላካይ ግሮሶ ነው። አገባ። 5 ለ 3።

ሰባት ጨዋታ፣ ሁለት የተቆጠረባት ጎል፣ አራተኛ የዓለም ዋንጫ። ታሪክ የመዘገበው እንደተለመደው ጭምቷን ጣሊያን ነው። ከሰባቱ ጨዋታዎች በአንዱ፣ ያውም በሠላሳ ደቂቃው ብቻ፣ ጭምት አልነበረችም። ዋንጫው የመጣው በዚያች ሠላሳ ደቂቃ በኩል ነው።